የተቃጠለ ትምህርት ቤት መሸኛ

«እሺ፣ ተቃጥሏል ብለሻል። እንግዲያው መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ አጽፈሽ ነይ» አላት ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው መዝጋቢ። በክፋት አልነበረም የተናገረው። ድምፁ እንዲያውም ለስላሳ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ነገር ለሃያ ሰው ደጋግሞ ምላሱ የደረቀ ሰው ድምፅ። ሴትየዋ ሁለት ልጆቿን ግራና ቀኝ እንደያዘች ጥቂት ቆመች። አመድ ማኅተም የሚመታው እንዴት እንደሆነ ልትጠይቀው የከጀለች ትመስል ነበር፤ ግን ተወችውና ከሰልፉ ወጣች። ከኋላዋ የቆሙት ጋሽ አንቀጽ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደንብ አክብሮ የሚሠራ ወጣት አይተው አያውቁም። ተራቸው ሲደርስ ልጁን «ተባረክ» ሊሉት ሁሉ አስበው ነበር።

ጋሽ አንቀጽ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል ሠርተው እሳቸው ከሥራው ወጡ እንጂ ሥራው ከሳቸው አልወጣም። የውሃ ሰልፍ ሲዛነፍ «በየትኛው አንቀጽ?»፣ የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያወጣ አጥር ሲዘል «በየትኛው አንቀጽ?» ይላሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ሾርባው ጨው በዛበት የሚል ቅሬታቸውን እንኳ በጽሑፍ ያቀርቡ ነበር እየተባለ ይታማሉ። ሐሜት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፉት።

ዛሬ ከጎናቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጫፉ ተተርትሮ የረዘመ ቀሚስ ለብሳ፣ የአጎቷን የፕላስቲክ አቃፊ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አቃፊው ውስጥ አራት ጉርድ ፎቶ አለ፤ የአራቱ ዋጋ የሁለት ኪሎ ስኳር ዋጋ በመሆኑ ጋሽ አንቀጽ ከፎቶ አንሺው ጋር ብዙ ተከራክረዋል። የአጎቷ መታወቂያ ቅጂ አለ፣ የመኖሪያ ማረጋገጫ አለ፣ የክትባት ካርድ አለ። መሸኛ ብቻ የለም። ጥይት ከወዲያኛው ከተማ ያባረረው ሰው ልጁን ይዞ ይሮጣል እንጂ ርዕሰ መምህሩን «መሸኛ ጻፍልኝ» ብሎ አይቆምም።

እናትና ልጅ ከመጡ አራት ወር ሆናቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ እነሱ የሚተኙት ከዚህ በፊት የእንግዳ መቀበያ በነበረው፣ ከሶፋው ጀርባ ነው። እህታቸው ከይሉኝታዋ ብዛት አንዲት ወንበር እንኳ ከቦታዋ አላንቀሳቀሰችም፤ ዕቃዋም እስከ ዛሬ ከሻንጣ አልወጣም። በመጣች ሰሞን አንድ ማታ፣ ስለ ሥራ ጠይቃቸው ነበር። ጋሽ አንቀጽ መነጽራቸውን አድርገው፣ ዋናው የትምህርት ማስረጃ ሳይቀርብ ቅጥር እንደማይታሰብ፣ ቅጂም ቢሆን ከዋናው ጋር ካልተመሳከረ ዋጋ እንደሌለው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በዝርዝር አስረዷት። «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የሚነሳው ጨዋታ ውሃ መጣ፣ ሳሙና አለቀ፣ ዳቦ ጨመረ ብቻ ሆነ። እሳቸው ገብቷታል ብለው ተረጋጉ። ዛሬ ጠዋትም ልጅቷን ይዘው ሲወጡ «ይህን ለእኔ ተይው፤ በዚህ ከተማ በዚህ ጉዳይ እኔን የሚያህል ሰው የለም» አሏት። እሷ ልብስ እያለቀለቀች ነበር፤ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ አቀረቀረች።

ተራቸው ደረሰ። መዝጋቢው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አይቶ ሲጨርስ «መሸኛውስ?» አለ። ጋሽ አንቀጽ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ የቀድሞው ተቋም መዛግብት በእሳት አደጋ በመውደማቸው፣ እያሉ የሚያውቁትን የቢሮ ቃል ሁሉ ደረደሩለት። ልጁ በትዕግሥት አዳመጣቸው። ከዚያ በእስክሪብቶው ከመስኮቱ በላይ፣ በመስታወት የተሰቀለውን መመሪያ አሳያቸው። «ማንኛውም ተማሪ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ መሸኛ ሳይዝ አይመዘገብም።» ከሥሩ ሰፊና የተንዘላዘለ ፊርማ አለ።

«አባት፣ እኔም ቀዳዳ አጥቼበት ነው» አለ ልጁ። «ስንቱን አልቅሶ ሲመለስ አይቼ ስንት ጊዜ አነበብኩት። ይህን የጻፉት ሰውዬ መርፌ የምታሾልክ ቦታ እንኳ አልተዉም።»

ጋሽ አንቀጽ ለአንድ አፍታ ደስ አላቸው። እውነቱን መደበቅ አይቻልም፤ እንዲህ ዓይነት ምስጋና በሥራ ዘመናቸውም አላገኙም። ወዲያው ግን የልጅቷ እጅ እጃቸውን ያዘ። ፊርማው የማን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ ሰልፉን ለቀው ወጡ። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ካመለጠ ልጅቷ ሁለተኛ ዓመቷን ቤት መቀመጧ ነው።

በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ድሮ በሳቸው ሥር ፋይል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ ሲያያቸው ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ሻይ አዘዘ፣ ለልጅቷም ብስኩት አስመጣላት። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጡረታ ደመወዝ ቀጭንነት ተጨዋወቱ። ነገሩ ሲነሳ ግን ኃላፊው አንገቱን አቀረቀረ። ጋሽ አንቀጽ፣ መመሪያው ሲወጣ ልዩ ሁኔታን የሚመለከት አንድ ነገር እንደነበረ ትዝ ይለኛል አሉ፤ ረቂቁ ቢገኝ። ኃላፊው ወደ መዝገብ ክፍል ደወለ። ረቂቁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀረበ፤ ዕድሜ ለጋሽ አንቀጽ አቀማመጥ፣ በዚያ ቤት ጠፍቶ የቀረ ወረቀት የለም። እውነትም ልዩ ሁኔታ የሚል አንቀጽ ነበረ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በጎኑም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ለማጭበርበር በር ይከፍታል» ተብሏል።

«እርስዎ ነዎት የሰረዙት» አለ ኃላፊው በታላቅ አክብሮት። «ያን ዕለት እኔ ሻይ ሳቀርብ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ጦርነት ቢመጣስ ብሎ ሲጠይቅዎ፣ መዝገብ ደግሞ ለክፉ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው ብለው አፉን አስያዙት። ስንት ዓመት ስናወራው ኖርን።»

ጋሽ አንቀጽ ረቂቁን መልሰው ወደ ኃላፊው ገፉት። መመሪያውን የሚያሻሽል ኮሚቴ እንዲቋቋም በመጪው ሩብ ዓመት ሐሳብ ሊቀርብ እንደሚችል ኃላፊው በር ድረስ እየሸኛቸው ነገራቸው። ጋሽ አንቀጽ ሊጸድቅ የሚችል ሐሳብና ሊቀርብ የሚችል ሐሳብ ልዩነታቸውን አሳምረው ያውቃሉ። አመስግነው ወጡ። መንገድ ላይ ልጅቷ ከብስኩቱ ግማሹን ለእናቷ በሶፍት ስትጠቀልል አይተው፣ አቃፊውን ከእጇ ተቀበሏት።

ጠዋት ወደ ነበሩበት ትምህርት ቤት ተመልሰው በሩ ላይ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ከአጥሩ ጥግ፣ በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ፣ መሸኛ የሌላቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ወላጆቹን ትተን ልጆቹ ብቻ አርባ ሰባት ናቸው። የጠዋቷ ሴትየዋም አለች። ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ዳቦ ቆርሳ ለልጅቷ ሰጠቻት። «እርስዎስ ምን አሉዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እንደ አንቺው» አሉ ጋሽ አንቀጽ። ጠዋት ከኋላዋ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አላየቻቸውም፤ እሳቸው ግን ያየቻቸው ይመስል ኮሌታቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

ተማሪ የሚቀያየርበት ሰዓት ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ይወጣል፣ የከሰዓቱ ይገባል፤ በሩ የሁለቱንም ጎርፍ ችሎ ያሳልፋል። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ክፍል ለሃምሳ ልጅ የተሠራ ነው፤ መቶ አሥራ ሁለት ይማሩበታል። አንዱ አግዳሚ ላይ አምስት ይቀመጣሉ፤ አምስተኛው ሲያስነጥስ የመጀመሪያው ይወድቃል። መምህሩ ከሰሌዳው ራቅ ብሎ መሄድ ስለማይችል፣ የኋላ ረድፍ ትምህርቱን የሚሰማው እንደ ሩቅ አገር ወሬ፣ ከፊት ወደ ኋላ እየተቀባበለ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ርዕሰ መምህርቷ ቁልፍ እያንቃጨለች ወጣች። ጎልማሳ ናት፣ ጫማዋ የጠመኔ አቧራ ለብሷል። ጋሽ አንቀጽን ወዲያው አወቀቻቸው፤ የክፍል መዝገብ አሞላል ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው። ጠርዙ ላይ ከጎናቸው ዘፍ አለችና የሆነውን ሁሉ ሰማች። ስለ ረቂቁም ነገሯት፤ ለምን እንደነገሯት እሳቸውም አላወቁትም። አልሳቀችባቸውም። የከንፈሯ ጫፍ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ርዕሰ መምህርቷ፣ ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደነበረች ጠየቀች። ጋሽ አንቀጽ «አምስተኛ» አሉ በልበ ሙሉነት። ልጅቷ እግሯን አየች። ርዕሰ መምህርቷ ጎንበስ አለችና ጥያቄውን ወደ እሷ አዞረችው።

«ማነው ያስተማረሽ የኔ ቆንጆ?»

«እማዬ።»

«እሱ ጥሩ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁላችንንም እናቶቻችን ናቸው ያስተማሩን። ትምህርት ቤትስ?»

«ትምህርት ቤትም እማዬ ናት» አለች ልጅቷ። «ሁሉንም ነው የምታስተምረው። የሦስተኛንም፣ የአራተኛንም።»

ርዕሰ መምህርቷ ቀስ ብላ ወደ ጋሽ አንቀጽ ዞረች። እሳቸው ደግሞ ወደ መንገዱ ዞሩ። እህታቸው መምህርት መሆኗን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ድሮ ስትመረቅ የሰዓት ስጦታ የሰጧት እሳቸው ናቸው። ግን ያን ማታ ማስረጃዋ መቃጠሉን ከሰሙ ወዲህ፣ መምህርትነቷም አብሮ የተቃጠለ ያህል፣ ከሐሳባቸው ወጥቶ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ፣ እህታቸው አሁን የት እንዳለች ስትጠይቃቸው ልብስ እያጠበች ነው ማለት ከበዳቸው፤ «ቤት» ብቻ አሉ።

«ጋሼ» አለች ርዕሰ መምህርቷ፣ «ስምንት መምህር ጎድሎኛል። እነዚህን ልጆች ፈትኖ የሚመድብልኝ አንድ ሰው ባገኝ፣ በጊዜያዊነት ብዬ አስገባቸው ነበር። ጊዜያዊ የሚለውን ቃል እርስዎ ያውቁታል። ግቢው ውስጥ የሚያዩት ያ ድንኳን ለሦስት ወር በጊዜያዊነት የተተከለ ነው፤ ስድስት ዓመቱ። እኔም ተጠባባቂ ርዕሰ መምህርት ነኝ፤ አምስት ዓመት ጠበቅኩ። እዚህ ቤት ከሲሚንቶ የሚጠነክረው ጊዜያዊ ነው። ይሂዱና እህትዎን ያምጡልኝ።»

ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ልጅቷን አስከትለው የሄዱት ጋሽ አንቀጽ ግን ረጅም መንገድ የተጓዙ ያህል ደከማቸው። እህታቸው ሳፋው ላይ እንደጎነበሰች ነበረች። ፊት ለፊቷ ቆሙና ከኃላፊው ቢሮ ጀምረው፣ በድንኳኑ በኩል ዞረው፣ የፈረቃውን ችግር አስረድተው፣ አርባ ሰባቱን ልጆች ቆጥረው፣ ዋናውን ነገር ሳይነኩ ብዙ ተናገሩ። እሷ የልጇን ሹራብ ትጨምቃለች። ውሃው ሲያልቅ ቀና አለች።

«ስለዚህ?»

«ስለዚህማ... ብትመጪ ነው።»

«ዋናው ማስረጃዬ እኮ የለም፣ ወንድም ጋሼ። ያለ ዋናው ደግሞ አይታሰብም። አንተ ነህ ያልከኝ።»

ጋሽ አንቀጽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብዬሻለሁ» አሉ። «ያልኩሽ ግን ሳልጠይቅሽ ነው። ስንት ዓመት እንዳስተማርሽ እንኳ አልጠየቅኩሽም።»

«አሥራ ሰባት» አለች።

ሹራቡን ገመድ ላይ ሰቀለች። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ወደ ውስጥ ገባች፤ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። ስትወጣ ጥቁር ዝግ ጫማ ተጫምታለች፤ ጋሽ አንቀጽ እንዲህ ያለ ጫማ እንዳላት አያውቁም ነበር። ልጅቷ ከሶፍቱ ውስጥ ብስኩቱን አውጥታ ሰጠቻት፤ እናቷ መንገድ ላይ እየበላች ከሁለቱም ቀድማ ሄደች።

ርዕሰ መምህርቷ መተላለፊያው ላይ አግዳሚ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ብዙም አላወሩ፤ አንዷ የንባብ መጽሐፍ ስንተኛ ገጽ ላይ ልጆቹ እንደሚወድቁ ጠየቀች፣ ሌላዋ መለሰች፣ ተግባቡ። ለጋሽ አንቀጽ አዲስ መዝገብና እስክሪብቶ ተሰጣቸው፣ «ጽሕፈትዎ ያምራልና» ተብለው። በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመሩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ማስረጃ። ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱ የምትለውን ሊጽፍ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ ማለት ነው። እሷ ጠመኔ ይዛ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

አንደኛው ልጅ ገና ከሩቅ ሲያያት «ቲቸር!» ብሎ ሮጠ፤ የእናቱን እጅ አስለቅቆ ነው የመጣው። ከወዲያኛው ከተማ ነው። አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። «ጥርስህ በቀለች? ጋሼ፣ ጻፍ። ሦስተኛ ክፍል ጨርሷል። ሒሳብ ስልሳ ሁለት፣ ንባብ ሰማንያ አራት። ስለ ጠባዩ እዚህ እናቱ ፊት አልናገርም።» ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እናቱ ሳቀችና ወዲያው ዓይኗን ጠረገች። ጋሽ አንቀጽ ሦስቱን ዓምድ ጽፈው አራተኛው ላይ ብዕራቸው ቆመ። የቃል ምስክርነት ማስረጃ ይሆን እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቋት።

«ከማኅተም በምን ያንሳል?» አለች እሷም በሹክሹክታ። «ማኅተም ልጁን አይቶት አያውቅም።»

ጻፉ። ከአርባ ሰባቱ አሥራ ስምንቱ የእሷ ልጆች ነበሩ፤ የሁሉንም ውጤት በቃሏ አወጣችው። የቀሩትን አስነበበች፣ አስደመረች፣ አስቀነሰች። መደመር የማይችለውን አላሳፈረችም፤ የሚችለውንም አላሽሞነሞነችም። የጠዋቷ ሴትየዋ ልጆች ሁለቱም ሁለተኛ ክፍል ተመደቡ፤ እናታቸው «ትልቁ ሦስተኛ ነበር» ብላ ልትከራከር ስትል፣ ልጁ ራሱ «አባዝቼ አላውቅም» ብሎ ተናዘዘና ክርክሩ አለቀ። ጋሽ አንቀጽ ከመዝገቡ ላይ ቀና እያሉ እህታቸውን ሲያዩ፣ ከሶፋው ጀርባ አራት ወር ሙሉ ድምፅዋን አጥፍታ የኖረችው ሰው ይህቺ መሆኗን ማመን አቃታቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ሊሉ ሲሉ ግን የእህታቸው ልጅ ተራ ደረሰ።

እናት ልጇን እንደማንኛውም ልጅ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ንባቡን አንበለበለችው። ሁለት የማካፈል ጥያቄ ወለሉ ላይ ተጻፈላት፤ አንዱን ሠራች፣ በሌላው ላይ ግን ምንም ሳትጽፍ ጣቷን ብቻ አዞረች።

«አራተኛ» አለች እናቷ።

ጋሽ አንቀጽ ብዕሩን አስቀመጡ። አምስተኛ ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ የተንከራተቱበትን ጉዳይ፣ በገዛ እናቷ እጅ አንድ ክፍል ዝቅ ሲል ማየት አልቻሉም። ምን ያህል እንደደከሙ፣ ዓመቱን እንዳጣች፣ ማካፈል በኋላ እንደሚደረስበት በዝግታ አስረዷት። አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ልጄ ስለሆነች ምን እንደሚጎድላት አውቃለሁ። አንተ በር ማስከፈት ትችላለህ፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የኔ ነው» አለቻቸው። ርዕሰ መምህርቷ ከበስተኋላ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ልጅቷ ግን የተቀየመች አትመስልም ነበር፤ የአራተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል መስኮት ያለው መሆኑን ቀድማ አጣርታ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መዝጋቢው መስኮቱን ዘግቶ መጣና ከአጠገባቸው ቆመ። የጽሕፈቱን አጣጣል አየ፣ ቀና ብሎ ከመስኮቱ በላይ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊርማ አየ፣ እንደገና ጽሕፈቱን አየ። ጋሽ አንቀጽ ዓይኑን ሳያዩ፣ ነገ በጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄደው፣ «ማንኛውም» የምትለዋን ቃል እሳቸው ራሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ሊሰርዟት እንደሚያመለክቱ ነገሩት። ላይቀበሏቸው እንደሚችሉም ነገሩት። መዝጋቢው ወንበሩን አምጥቶ ሰጣቸው።

የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል፤ ይዛት የመጣችው አክስቷ ዕድሜዋንም በትክክል አታውቅም። ከሦስተኛ ከተማ ነው የመጣችው፤ ትምህርት ቤት ትግባ አትግባ የሚናገር ሰው የለም፣ እሷም አትናገርም። ፊደል ሲጻፍላት አላነበበችም። ጠመኔው ሲሰጣት ግን ያዘችው፣ አያያዟም ልክ ነበር፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ አንድ ቁጥር ደረደረች፣ ሃያ ሁለት ላይ ስትደርስ አቁማ ፊቷን አዞረች። እህታቸው ብዙ አየቻት። «አንደኛ ክፍል» አለች። ጋሽ አንቀጽ ጻፉና አራተኛው ዓምድ ላይ እንደገና ቆሙ። የሚያውቃት መምህር የለም፣ ውጤት የለም፣ ምስክር የለም። ምን ብዬ ልጻፍ አሉ፤ ባዶ ከተውኩት ነገ መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህንን ነው።

እህታቸው ጉልበቷ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፈች ተነሣች።

«ከነገ ጀምሮ መምህርቷ ታውቃታለች ብለህ ጻፍ።»

መዝገብ የሆነ ነገር ይጻፍበታል እንጂ የሚሆን ነገር አይጻፍበትም፤ ይህን ለስንት ሠልጣኝ አስተምረዋል። ልጅቷ ቆማ ብዕሩን ታያለች። ጋሽ አንቀጽ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሳቡት፣ ቃሉንም አንዲት ሳያጎድሉ፣ በሚያምረው ጽሕፈታቸው ጻፉት።